የኦግደኗ ቤተ ክርስቲያንና የጋሽ መኩሪያ ይሉኝታ

ለመሆኑ እናንተ ሰው ቤት ገብታችሁ «ምሳ ይቅረብ?» ስትባሉ በመጀመሪያው ጥያቄ «አዎ» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እውነቱን ተናገሩ፤ ማንም አይሰማንም። እኔ ብዬ አላውቅም። ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፌ ሳይዞር፣ የወጡ ሽታ ከጓዳ እየጠራኝ፣ ሆዴ ለጎረቤት እስኪሰማ እየጮኸ «ኧረ ምንም አያስፈልግም፣ አሁን በልቼ መውጣቴ ነው» ብያለሁ። ባለቤቲቱ እንደዋሸሁ ታውቃለች። እንደምታውቅ እኔም አውቃለሁ። ስለዚህ «በሞቴ!» ትላለች፤ እኔም «በፍጹም አልችልም» እላለሁ፤ «አፈር ስሆን!» ትላለች፤ «እንግዲህ ካልሽ፣ ለቅምሻ ያህል» እላለሁ። ከዚያ ወዲያ ሳህኑን ከእጄ የሚያስጥል አይገኝም።

ይሄን ውሸት ነው የሚል ካለ አልስማማም። ሁለት ሰው አውቆና ተስማምቶ የሚጫወተው ጨዋታ ነው። ችግር የሚመጣው አንደኛው ተጫዋች ሕጉን ያላወቀ እንደሆነ ነው። ካናዳ፣ ካልጋሪ የገባን ሰሞን በዚህ ጨዋታ ያልተራበ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። የዚህ አገር ሰው አንድ ጊዜ ይጠይቃችኋል፤ «አይ» ካላችሁ «እሺ» ብሎ ፊታችሁ ይበላል። በክፋት እንዳይመስላችሁ፤ ቃላችሁን አክብሮ ነው። እኔ በመጀመሪያው ክረምቴ መሥሪያ ቤት ውስጥ የስንቱን ሰው የልደት ኬክ በዓይኔ ብቻ እንደሸኘሁት ሳስታውሰው ዛሬም ያናድደኛል።

የኬኩስ ይሁን። ኬክ ሌላ ይጋገራል። እኛ ግን በዚሁ አመላችን አንድ ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ከነደወሉ ልናጣ ለጥቂት ነው የተረፍነው፤ ላጫውታችሁ የተነሳሁትም ይሄንኑ ነው።

ቤተ ክርስቲያኗ ኦግደን ውስጥ ናት። ኦግደን ዛሬ የካልጋሪ ደቡብ ምሥራቅ ሰፈር ይባል እንጂ ጥንት ከከተማው ራቅ ብሎ በሐዲድ ዳር የተቆረቆረ፣ የራሱ ሱቅና የራሱ ሐሜት የነበረው ትንሽ ከተማ ነበር አሉ፤ ካልጋሪ እያበጠች መጥታ ዋጠችው እንጂ። ቤተ ክርስቲያኗን የሠሯት የባቡሩ ጋራዥ ሠራተኞች ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ፉርጎ ሲጠግኑ ይሰነብቱና ቅዳሜ ቅዳሜ ለጌታ ቤት መዶሻ ያነሳሉ። የወለሉ ጣውላ ለፉርጎ ተሰንጥቆ የተረፈ ነው። ደወሉ ከአንድ ጡረታ ከወጣ የባቡር ራስ የተወረሰ ነው። በሰሜን በኩል አንድም መስኮት የላትም፤ የሠሯት ሰዎች ብርዱን በስሙ የሚያውቁት ነበሩ። ከከተማው ምዕራብ ካሉት ተራሮች የሚወርደው ነፋስ አንድ ክረምት ማማዋን ገንጥሎ ጎረቤት ጓሮ ውስጥ ስለጣለው፣ ሁለተኛውን ማማ አሳጥረው ሠሩት። ስለዚህ ከሩቅ ሲያዩዋት ባርኔጣዋን እስከ ቅንድቧ የደፋች ሴትዮ ትመስላለች።

አንድ ዘመን ትምህርት ቤት ሆናለች። ሥራ በጠፋበት ጊዜ ምድር ቤቷ ውስጥ ሾርባ ይታደል ነበር። ምድር ቤቱን ራሱ ምእመናኑ በአካፋ ነው የቆፈሩት፤ አንዱ ቆፋሪ ከሌላው ሳይስማማ ቀርቶ ይሁን ደክሞት እንጃ፣ ግማሹ ጣሪያ ቀና ያስብላል፣ ግማሹ ጎንበስ ያሰኛል። ይህን ሁሉ የነገሩን እማማ ኤድና ናቸው። በእንግሊዝኛው «ኤድና» ብቻ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ያየ አማርኛ ተናጋሪ ግን «እማማ» ሳይል ለማለፍ ጉሮሮው እሺ አይለውም። አያታቸው ጣውላውን ካነጠፉት አንዱ ናቸው። ቁልፉ በእሳቸው እጅ ነው፤ እኛ ከሰዓት በኋላ አምልኳችንን እስክንጨርስ ጥግ ላይ ሹራብ እየሠሩ ይጠብቁንና፣ በር ሲዘጉ የሕንጻውን ታሪክ ቁራሽ ቁራሽ አድርገው ያጎርሱናል።

እኛ ማለት የአማርኛ ጉባኤ ነን። ጠዋት ጠዋት የእማማ ኤድና ሰዎች ያመልካሉ፤ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚበቁ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚዘምሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። ከሰዓት እኛ እንገባለን። እኛ ስንዘምር ዝቅ ማለት አናውቅበትም፤ እልልታው፣ ጭብጨባው፣ ዝላዩ አለ። የፉርጎ ጣውላ ግን የፉርጎ ጣውላ ነው፤ የስንዴ ጭነት የቻለ ወለል የመዘምራኑን ዝላይም ቻለው።

ከዚህ በፊት ያልዞርንበት የለም። በትምህርት ቤት ጂም የቅርጫት ኳስ መረብ ሥር ጸልየናል። ከምግብ ቤት በላይ ባለ አዳራሽ ሰብከናል፤ የሚጠበሰው ሥጋ ሽታ ግን ምእመኑን ከስብከቱ ነጥቆ ወሰደብን። ታዲያ በዚህ ሁሉ ስደት ስፒከሩን፣ ኪቦርዱንና የሽቦውን ካርቶን በቫናቸው ጭነው ያዞሩልን ጋሽ መኩሪያ ናቸው። ኦግደን ከገባንም በኋላ አዳራሹ በሥራ ቀን ለሕፃናት መዋያ ስለሚከራይ፣ እሁድ የተከልነውን እሁድ መንቀል ግዴታችን ነበር። የጋሽ መኩሪያ ጉልበት ደረጃ ሲወጡ ይጮኻል። አንድ ቀን ስፒከሩን ታቅፈው በረዶ ላይ ቆመው ሲጸልዩ ሰምቻቸዋለሁ። «ጌታ ሆይ፣ ይሄን ነገር አንዴ አንድ ቦታ ላስቀምጠውና በሚቀጥለው እሁድ እዚያው ላግኘው» አሉ። ሌላ ምንም አልጠየቁም።

ይሉኝታ የሚባለው ነገር ሰው ሆኖ ሱፍ ቢለብስ ጋሽ መኩሪያን ነው የሚሆነው። ሰው ያስቸገሩ ከሚመስላቸው ቢታመሙ ይመርጣሉ። ክረምት ላይ በር አጠገብ ከእሳቸው ጋር «ይግቡ»፣ «አንተ ቅደም» መባባል የጀመረ ሰው አፍንጫውን ለብርድ አሳልፎ መስጠቱን ይወቅ።

አንድ የፀደይ እሁድ እማማ ኤድና ሹራባቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው «ሽማግሌዎቻችሁን ለሻይ ምድር ቤት ላግኛቸው» አሉን። ፓስተራችን ሥራው ትራክ መንዳት ስለሆነ ያን ዕለት ቫንኩቨር መንገድ ላይ ነበር። ስለዚህ ጋሽ መኩሪያ፣ የሴቶች ጸሎት መሪዋ እትዬ አስካለና እንግሊዝኛው ከከበደ እንድረዳ የተጨመርኩት እኔ ወረድን። ኩኪስ ቀረበ፤ አሁን መብላታችን ነው አልን። ሻይ ቀረበ፤ ኧረ አይቸገሩ አልን። ወንበር ላይ ግን ከጥቂት ክርክር በኋላ ተቀመጥን።

እማማ ኤድና መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። የጠዋቱ ጉባኤ በጣም አንሷል፤ ከበጋው በኋላ ሊዘጉ ነው። በሕጋቸው መሠረት ከመዘጋታቸው በፊት ድምፅ ሰጥተው ሕንጻውን ለሌላ ጉባኤ ማስተላለፍ ይችላሉ፤ ተቀባይ ካልተገኘ ይሸጣል። «ከእናንተ ሌላ ያሰብነው የለም» አሉ በእንግሊዝኛቸው። «ቤተ ክርስቲያኗን ብንሰጣችሁ ትወስዷታላችሁ?»

የእኔ ልብ ዘለለ። የእትዬ አስካለ ዓይን እንባ ሞላ። ጋሽ መኩሪያ ከወንበራቸው ተነሱ፤ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፤ ዝቅ ብለው እጅ ነሱ።

«ኖ፣ ኖ፣ ኖ» አሉ። «ቱ ማች! ፕሊዝ፣ አትቸገሩ። እኛ እንዲሁ ደህና ነን።»

እትዬ አስካለም ራሳቸውን እየነቀነቁ «ኧረ በፍጹም!» አሉ። እኔ ለወግ እንደሚገባ መሬት መሬቱን አየሁ። እማማ ኤድና ፊታቸው ደብዘዝ አለ። «እርግጠኛ ናችሁ?» አሉ። ጋሽ መኩሪያ ይህን ሁለተኛ ጥያቄ ሲሰሙ ደስታቸው ወሰን አጣ፤ ሁለተኛው ከመጣ ሦስተኛው የት ይቀራል! «ቬሪ፣ ቬሪ ሹር» ብለው ከመጀመሪያው የባሰ ዝቅ አሉ። እማማ ኤድና «እሺ እንግዲህ» አሉና የኩኪሱን ሳህን አነሱ።

አሁን እዚህ ላይ ደነገጥን ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። አልደነገጥንም። ቫኑ ውስጥ ገብተን በሩ እንደተዘጋ እትዬ አስካለ እልልታቸውን ለቀቁት። ዲርፉት የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘን ወደ ሰሜን ስንወጣ ጋሽ መኩሪያ መሪውን እየደበደቡ ይዘምሩ ነበር። እንዲህ ያለ ታላቅ ስጦታ በአንድ ቁጭታ ሦስት ጊዜ አይጠየቅም፤ ሦስተኛውን አስበውበት ይመጡበታል፤ በሥርዓት እምቢ ብለናል፤ ነገሩ አልቋል! ከመምሸቱ በፊት ወሬው ከሰሜኑ ሰፈር ከኮርነርስቶን ተነስቶ ከከተማ ውጭ ያለችው ኮክረን ደረሰ። መዘምራኑ በምንጣፉ ቀለም ተጣሉ። ጋሽ መኩሪያ ለስፒከሩ ጥግ መረጡ።

ሦስተኛው ጥያቄ ግን የውሃ ሽታ ሆነ። እማማ ኤድና ሰላምታቸውን አላጓደሉም፤ ታሪክ ማጉረሱን ግን ተዉ፤ በሩን ዘግተው ቶሎ ይሄዱ ጀመር። እኛ «እያሰቡበት ነው» አልን። አንድ ቀን የጋሽ መኩሪያ ልጅ ሜሮን፣ ነርስ ናት፣ ከሺፍቷ ስትመለስ በኦግደን አለፈች። ሳሩ ላይ «የሚሸጥ» የሚል ሰሌዳ ቆሟል፤ ቦት ጫማ ያጠለቀ ሰውዬ ደግሞ ቦታውን ይለካል። በቀጥታ አባቷ ቤት መጣች፤ እኔም እዚያው ነበርኩ።

«አባዬ፣ ዌት» አለች። «ኦፈር ስታደርግልህ ምን ብለህ ነው የመለስክላት?»

«ኖ አልኳታ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሁለት ጊዜ ነዋ! ሦስተኛውን እኮ ነው የምንጠብቀው።»

ሜሮን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «አባዬ፣ ላይክ፣ እዚህ አገር ኖ ማለት ኖ ነው። ስኩላችን ውስጥ ፖስተር ነበረ!»

የጋሽ መኩሪያ ፊት ሲለዋወጥ አየሁት፤ ማየት አልነበረብኝም። ቀስ ብለው ተቀመጡና ጉልበታቸውን ያሹ ጀመር። ሜሮን አጠገባቸው ቁጭ አለች። «ኦኬ፣ ችግር የለም። ኮል አድርግላትና ሐሳባችንን ቼንጅ አደረግን በላት፣ በቃ» አለች። እሳቸው ግን ቱግ አሉ። «አልፈልግም ብዬ የመለስኩትን ዞሬ ስጪኝ ልበላት? ሞቼ ነው!» አሉ። ቤተ ክርስቲያኗን አጥቶ ከመኖርና አፍ አውጥቶ ከመለመን የቱ እንደሚከብድ ሲመዝኑ ውለው፣ ሲመሽ እትዬ አስካለ ስልክ ደውለው መላ አመጡ። ሽማግሌ ይላክ!

አዎ፣ ለሙሽራ የሚላከው ሽማግሌ ለሕንጻ ተላከ። ሽማግሌዎቹም እነዚያው ጥፋተኞቹ ሦስታችን ነን፤ ሌላ ማን ይመጣልናል? ሱፋችንንና ነጠላችንን ለብሰን እማማ ኤድና ቤት ሄድንና ደጃፉ ላይ ቆምን። «ግቡ» አሉን፤ ገባን። «ተቀመጡ» አሉን፤ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም አልን። ሻይ አንፈልግም አልን። ሴትዮዋ ተራ በተራ ሲያዩን፣ ሦስት ጥቁር ሱፍና ነጠላ የለበሱ ሰዎች ሳሎናቸው መሐል ተገትረዋል፤ ሰው ሞተ ወይስ ሊጣሉኝ መጡ ብለው ሳይሆን አይቀርም፣ የወንበሩን ጀርባ ያዝ አደረጉ።

«የሰሌዳው ነገር አናድዷችሁ ነው?» አሉ። «እኛ እኮ ሰጠናችሁ። እናንተ ናችሁ እምቢ ያላችሁ። አንዳንዶቻችን ከፍቶናል፤ ሕንጻው አሮጌ ስለሆነ ናቁት ብለን።»

ናቁት! ይህቺን ቃል ስተረጉምላቸው ጋሽ መኩሪያ የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋቸው። ከዚያ በኋላ የተናገርኩት እንግሊዝኛ ሰዋስው ይኑረው አይኑረው አላውቅም። አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው እምቢ ሰላምታ መሆኑን፣ ሁለተኛው ምስጋና መሆኑን፣ የጋሽ መኩሪያ ጎንበስ ማለትም «እንዴት ያለ ደስታ ነው» ማለት መሆኑን እንደምንም አስረዳሁ። እማማ ኤድና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያለቀሱ መስሎኝ ስጠጋ እየሳቁ ነው።

ለካስ አያታቸው ከኖርዌይ የመጡ ሰው ናቸው። እዚያም እንዲሁ ነበር አሉ። አያትየው ሦስት ጊዜ ካልተለመኑ ኩኪስ አይነኩም፤ ካናዳ ገብተው ከጎረቤት ቤት በረሃብ የተመለሱበት ቀን አይቆጠርም። «ቤተ ክርስቲያኗ ሐዲድ ዳር ለምን እንደተሠራች ነግሬያችኋለሁ?» አሉን። አልነገሩንም ነበር። የመሬቱ ባለቤት መጀመሪያ ያሳያቸው ያን ማዶ ያለውን ኮረብታ ነው፤ ተራሮቹ ወለል ብለው የሚታዩበትን። አያትየውና ጓደኞቻቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው «ኧረ ይሄማ ለእኛ ይበዛል» አሉ። ባለመሬቱ ለሌላ ቤተ ክርስቲያን ሰጠው። እነዚያ በአንድ ቃል ተቀበሉ፤ ዛሬ ኮረብታው ላይ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አላቸው። እነ አያት ግን ከሐዲዱ ሥር የቀረችውን ቁራሽ አገኙና፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሰባኪው አፉን በከፈተ ቁጥር ባቡሩ ያልፋል። «አያቴ እስኪሞት ድረስ ‹እርግጠኛ ነኝ፣ ሰውዬው ተመልሶ ይጠይቀናል› ይል ነበር» አሉ እማማ ኤድና ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ጋሽ መኩሪያ ይህን ሲሰሙ ሳይለመኑ ተቀመጡ። በሕይወታቸው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ደግነቱ ቦታውን ሲለካ የታየው ገዢ ገና አልፈረመም ነበር። የመጨረሻው ድምፅ የሚሰጠው በሚመጣው እሁድ ነው። እማማ ኤድና አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁን፤ የተከፉት ሽማግሌዎቻቸው ማብራሪያ አይሰሙም፤ ከጋሽ መኩሪያ አፍ አንዲት ቃል፣ «የስ» የምትል፣ መስማት ይፈልጋሉ።

አንዲት ቃል! ሜሮን ሳምንቱን ሙሉ አባቷን አሠለጠነች። «አባዬ፣ ኩኪስ ትፈልጋለህ?» ትላለች። «አይ ልጄ፣ አሁን—» «አባዬ!» እንደገና ትጀምራለች። «ሊፍት ልስጥህ?» «አትቸገሪ—» «አባዬ!» እሁድ ጠዋት ቫኑ ውስጥ እንኳ «መስኮቱን ልዝጋልህ?» ብትላቸው «ተይው፣ ለምዶኛል» ብለው አረፉት። እትዬ አስካለ ከኋላ ወንበር ጸሎት ጀመሩ።

ያን ጠዋት ሁለቱ ጉባኤዎች ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ ተቀመጡ። እነሱ በፊት ረድፍ፣ እኛ ከኋላ እስከ በሩ። እማማ ኤድና ተነስተው «ይህችን ቤተ ክርስቲያን ብንሰጣችሁ ትቀበላላችሁ?» አሉ። ጋሽ መኩሪያ ቆሙ። ቀኝ እጃቸው በለመደችው መንገድ ወደ ደረታቸው መውጣት ጀመረች። አንገታቸው ዘንበል ማለት ጀመረ። እትዬ አስካለ የጋሽ መኩሪያን ኮት ጫፍ ከኋላ ይዘው ወደ ታች ጎተቱ።

«የስ» አሉ ጋሽ መኩሪያ።

ቃሏ ለጆሮ የምትበቃ አልነበረችም። ከፊት ረድፍ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዘንበል አሉ። «የስ!» አሉ ድጋሚ። ከዚያ በኋላ የሚያቆማቸው ጠፋ፤ የሕይወት ዘመን ሲጠራቀም የኖረው ሁሉ ግንቡ ተደርምሶ የወጣ ይመስል «የስ፣ የስ፣ ታንክ ዩ፣ የስ!» እያሉ እንባቸው በሱፋቸው ላይ ወረደ። እጆች ወጡ፤ ድምፁ በሙሉ ድጋፍ አለፈ። የሴቶቹ እልልታ ጣሪያውን ሲመታ አሮጊቶቹ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ቀጥለው አጨበጨቡ። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እዋሻለሁ። ከሰዓት በኋላ ጋሽ መኩሪያ ስፒከሩን ጥጉ ላይ አስቀምጠው፣ ትንሽ ራቅ ብለው አዩት፤ ተመልሰው ዳበስ አደረጉትና ባዶ ቫናቸውን ይዘው ሄዱ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ያምርበት ነበር። ግን ጋሽ መኩሪያን እንቅልፍ ነሳቸው። «እነዚያስ ሰዎች የት ሊሄዱ ነው?» አሉ። እማማ ኤድናን በማግስቱ ጠየቋቸው፤ ጠዋቱ የእናንተ ይሁን፣ እንደ ድሯችሁ ተሰብሰቡ፣ እኛ ከሰዓት ይበቃናል አሏቸው። እማማ ኤድና «ኖ፣ ኖ፣ አሁን የእናንተ ነው፤ እንቅፋት መሆን አንፈልግም» አሉ። በሳምንቱ ቤታቸው ድረስ ሄደው ጠየቁ። «አይ፣ እኛ ደህና ነን» ተባሉ። ለሦስተኛ ጊዜ በስልክ ጠየቁ፤ አሁንም እምቢ።

እኛ ዘንድ ትልቅ ክርክር ተነሳ። ሜሮን «ሦስት ጊዜ ኖ ብላለች፤ ሪስፔክት አድርጉላት» አለች። እትዬ አስካለ «ኖርዌይ ስንት ጊዜ ነው የሚባለው? ማን ያውቃል?» አሉ። ፓስተራችን ከትራኩ ላይ ሆኖ በስልክ እንጸልይበት አለ። እኔ እውነቱን ለመናገር ከሜሮን ጋር ነበርኩ፤ በዚህ አገር ስኖር ከተማርኩት ነገር ሁሉ የሚበልጠው የሰውን «አይ» ማክበር ነው፤ ለልጆቼም የማስተምረው እሱኑ ነው። ጋሽ መኩሪያ ሁላችንንም ሰሙ። አንገታቸውን ነቀነቁ።

በሚቀጥለው እሁድ ጠዋት፣ የእኛ አምልኮ ሊጀመር ገና ግማሽ ቀን ሲቀረው፣ እንድረዳቸው ጠርተውኝ ኦግደን ደረስኩ። ጋሽ መኩሪያ ማሞቂያውን አብርተዋል፤ የፒያኖውን ሽፋን ገልጠዋል፤ የፊቱን ረድፍ ወንበሮች በጨርቅ እየወለወሉ ነው። «ጋሼ፣ ባይመጡስ?» አልኳቸው። «ወንበር ቢወለወል ምን ይጎዳናል» አሉኝ። በሩን ከፍተን ደጁ ላይ ቆምን። ብርድ ነበር። ባዶ መንገድ ስናይ ቆየንና እኔ ሰዓቴን ሰረቅ እያደረግኩ ማየት ጀመርኩ።

አንዲት አሮጌ መኪና በቀስታ ዞራ መጣች፤ ከኋላዋ ሌላ። እማማ ኤድና የእሁድ ኮታቸውን ለብሰው፣ መዝሙር መጽሐፋቸውን በብብታቸው ይዘው ወረዱ። ደረጃው ሥር ሲደርሱ ቆም ብለው ወደ ላይ ጋሽ መኩሪያን አዩዋቸው።

«ኖ ብለናችሁ ነበር እኮ» አሉ።

«የስ፣ የስ» አሉ ጋሽ መኩሪያ ክንዳቸውን እየዘረጉላቸው። «ሰምተናል።»

እማማ ኤድና ክንዱን ያዙና ደረጃውን ወጡ።